ያልተጻፈ የላብ ዋጋ

«በእኔና በአንተ መካከል ደግሞ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የምትባል አነጋገር አለች። ቤት የሚያሠራው ሰው ለግንበኛው ይናገራታል፤ ግንበኛውም ለአሠሪው መልሶ ይናገራታል። ስትነገር ጆሮን ደስ ታሰኛለች። ጉርብትናን፣ ዝምድናን፣ በአንድ መስጊድ ሶፍ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ መስገድን ታስታውሳለች። ጥቂት ወራት አልፈው ሁለቱ ሰዎች በሽማግሌዎች ፊት ወይም በችሎት ተፋጠው ሲቆሙ ግን አንደኛው «ተነጋግረን ነበር» ይላል፤ ሌላኛው «የተነጋገርነው እንዲያ አይደለም» ይላል። ያች ጣፋጭ አነጋገር ለአንዳቸውም ምስክር ሆና አትቆምላቸውም።

ውድ አንባቢያን፣ ጉዳዩ የጠበቆች ወይም የመሐንዲሶች ብቻ ሊመስል ይችላል። ነገር ግን የሰው ሐቅ ያለበት ጉዳይ ነው። የሰው ሐቅ ደግሞ ባለቤቱ ካልተቀበለው ወይም ይቅር ካላለ በሶላትና በጾም ብዛት እንደማይሰረዝ ከልጅነታችን ጀምሮ የተማርነው ነው።

መቼም ሚሊዮኖች የሚፈስሱባቸው ትልልቅ ሕንፃዎች ውል አላቸው። አማካሪው መሐንዲስ የተሠራውን ለክቶ ካላጸደቀ ክፍያ አይወጣም። ጠብ እዚያም አይጠፋም፤ ሆኖም የሚጣሉት በተጻፈ ነገር ላይ ነው። እኔ የምናገረው ከዚያ በታች ስላለው ሥራ ነው። አንድ ነጋዴ ወይም ደመወዝተኛ ባጠራቀማት ገንዘብ፣ ወይም ዓረብ ሀገር ያለች እህቱ በላከችለት ብር ስለሚያሠራው ቤት ማለቴ ነው። ሲሚንቶውን፣ ብረቱን፣ አሸዋውን ባለቤቱ ያቀርባል። ግንበኛው «የእጅ ዋጋ» ብሎ በጠቅላላው ወይም በካሬ ሜትር ይነጋገርና አናጺውን፣ ፌሮ ሠራተኛውንና ቀን ሠራተኛውን ይዞ ይገባል። ማኅተምና ቢሮ ባይኖረውም አንድን ሥራ በራሱ ኃላፊነት ጨርሶ ለማስረከብ ዋጋ የተስማማ ሰው ነውና ሥራ ተቋራጭ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ እንዲህ ያለ አንድ ጉዳይ ሽማግሌዎች ይዘውት ስለነበር ተቀምጬ እንድሰማ ፈቀዱልኝ። አሠሪው በዕድሜ የገፉ ሐጂ ናቸው። ግንበኛው ሠላሳ ዓመት ያልሞላው፣ አነጋገሩ ቁጥብ የሆነ ወጣት ነው። ለባለ አንድ ፎቅ ቤት የእጅ ዋጋ 400 ሺህ ብር ተነጋግረዋል፤ በዚህ አይካካዱም። ቅድሚያ 80 ሺህ ብር ተሰጥቷል፤ በዚህም አይካካዱም። መሠረቱ ወጥቶ፣ ሶሌታው ተሞልቶ፣ ወደ ልስን ሲቃረቡ ሐጂ ከጓሮ አራት ክፍል ሰርቪስ ቤት እንዲጨመር፣ አጥሩም በሦስት ረድፍ ብሎኬት ከፍ እንዲል አዘዙ። ግንበኛው «ሐጂ፣ ይሄ እኮ ሌላ ሥራ ነው» አላቸው። እርሳቸውም «ሥራህን ሥራ ልጄ፣ አንጣላም» አሉት። ሠራው።

እንግዲህ የተጨማሪው ሥራ ውል በሙሉ ይኸው «አንጣላም» የሚለው ቃል ነው። ግንበኛው «እከፍልሃለሁ» እንደተባለ አድርጎ ተረዳው። ሐጂ ደግሞ «በዋናው ዋጋ ውስጥ ነው፣ ሲያልቅ እንደ ጉርሻ ትንሽ እጨምርልሃለሁ ማለቴ ነበር» አሉ። ሁለቱም ሲናገሩ የሚዋሽ ሰው ሁኔታ አላየሁባቸውም። ይህን የምጠቅሰው በዚህ ዓይነት ጠብ ውስጥ ሁልጊዜ አንደኛው አጭበርባሪ ነው የሚለው ግምት ልክ ስላልሆነ ነው። ሰው የተባለውን ሳይሆን ሊባል የፈለገውን ያስታውሳል። ወራት ሲያልፉ ደግሞ ትዝታው ወደ ጥቅሙ ያዘነብላል፤ ያዘነበለ መሆኑን ግን ራሱም አያውቅም።

ግንበኛው 120 ሺህ ብር ጠየቀ። ሽማግሌዎቹ አራት ጊዜ ተቀምጠው በመጨረሻ «60 ሺህ ይክፈሉት፤ አንተም የቀረውን ማርላቸው» ብለው አስታረቁ። ሁሉም ተቃቅፎ ተለያየ። እኔ በበኩሌ ግማሽ ለግማሽ ማካፈልን ፍትሕ ብሎ መጥራት ይከብደኛል። ገንዘቡ የግንበኛው ሐቅ ከነበረ ግማሹ ቀርቶበታል፤ ሐቁ ካልነበረ ደግሞ ሐጂ የማይገባቸውን 60 ሺህ ብር ከፍለዋል። ሱልሕ መልካም መሆኑን የሚክድ የለም። ነገር ግን መለኪያ እያለ በግምት መክፈል ሌላ ነገር ነው። መለኪያው ደግሞ ነበረ።

ፉቀሃእ «ኡጅረቱል ሚስል» የሚሉት ነገር አለ፤ የመሰሉ ዋጋ ማለት ነው። አንድ ባለሙያ በሰው ትእዛዝ ሠርቶ የዋጋው ነገር ሳይጨበጥ ቢቀር፣ ለዚያ ዓይነት ሥራ፣ በዚያ ቦታና በዚያ ጊዜ፣ እርሱን የመሰለ ባለሙያ የሚከፈለው ዋጋ ይታሰብለታል። የዑስማኒያ መንግሥት ከ1869 እስከ 1876 እ.ኤ.አ. ባወጣውና «መጀለ» በሚባለው የሕግ መድብል ውስጥም ይኸው ተደንግጓል። ዋጋ ሳይነጋገር በሌላው ጥያቄ የሠራው ሰው በክፍያ የሚሠራ ከሆነ የመሰሉን ዋጋ ያገኛል፤ በክፍያ የሚሠራ ሰው ካልሆነ ግን አያገኝም ይላል። ይህ የሐነፊያ አካሄድ ነው። በሻፊዒያ መዝሀብ ዘንድ ዋጋ ጨርሶ ካልተነሳ አይገባውም ያሉ ዑለማእ አሉ፤ በዚያ ሥራ የታወቀ ሰው ከሆነ ይገባዋል ያሉም አሉ። በያዝነው ጉዳይ ግን ግንበኛው «ይሄ ሌላ ሥራ ነው» ብሎ የዋጋውን ነገር አንስቷልና፣ ዝም ብሎ እንደሠራ ሰው የሚቆጠር አይመስለኝም። ሽማግሌዎቹ አንድ የታወቀ ፎርማን ጠርተው፣ ሜትር ዘርግተው አራቱን ክፍልና የአጥሩን ሦስት ረድፍ ቢያስለኩ፣ በዚያ ዓመት በሰፈሩ በካሬ ስንት ይከፈል እንደነበርም ቢጠይቁ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ምናልባት 60 ሺህ ይወጣ ይሆናል፣ ምናልባት 95 ሺህ። የወጣው ቢወጣ ሁለቱም ለምን እንደዚያ እንደሆነ አውቀው ይሄዱ ነበር።

ለመሆኑ ወረቀት የሌለው ውል ውል ነውን? ብዙ ሰው «አልፈረምኩም፣ ምንም አያመጣም» ሲል ይሰማል። ይህ አባባል ከሸሪዓውም ሆነ ከሀገሪቱ ሕግ ጋር አይገጥምም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1719 ላይ፣ ሕግ የተለየ አጻጻፍ ወይም ሥርዓት ካላዘዘ በቀር ተዋዋዮቹ ከተስማሙ ውሉ የጸና እንደሆነ ይናገራል። በጽሑፍ ካልሆኑ አይጸኑም የተባሉት ለብቻቸው ተዘርዝረዋል። በማይንቀሳቀስ ንብረት ላይ የባለቤትነት፣ የአላባ ወይም የመያዣ መብትን የሚያቋቁሙና የሚያስተላልፉ (1723)፣ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋር የሚደረጉ (1724)፣ የዋስትናና የኢንሹራንስ ውሎች (1725) ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ለግለሰብ ቤት የእጅ ዋጋ መነጋገር ቤቱን መሸጥ ወይም መለወጥ አይደለም። ስለዚህ በቃል ተስማምቶ የገነባ ሰው ገንዘቡን ለመጠየቅ ሕግ አልከለከለውም።

ችግሩ ያለው በማስረዳቱ ላይ ነው። ሕጉ በቁጥር 2001 የሌላው ሰው ግዴታ እንዲፈጸምለት የሚጠይቅ ሁሉ ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት ይላል። በሐዲስም ማስረጃ በከሳሹ ላይ፣ መሐላ በካጁ ላይ መሆኑ ተዘግቧል። ሁለቱ ከተለያየ ምንጭ ተነስተው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እንግዲህ አስቡት፤ ቤቱ ቆሟል፣ ቁልፉ በባለቤቱ ኪስ ነው። ባለቤቱ ዝም ቢልም ምንም አይጎድልበትም። ከሳሽ መሆን ያለበት፣ ምስክር ፍለጋ መሯሯጥ ያለበት፣ ለቀጠሮ ብሎ የቀን ገቢውን ማጣት ያለበት ላቡን አስቀድሞ ያፈሰሰው ሰው ነው። ወረቀት ባለመኖሩ የሚመጣው ጉዳት ለሁለቱ እኩል ይደርሳል የሚሉትን ሰዎች የማልቀበለው በዚህ ምክንያት ነው። ቀድሞ የሰጠው ወገን የበለጠ ይጎዳል።

ይሁንና ቀድሞ የሚሰጠው ሁልጊዜ ግንበኛው አይደለም። ዓረብ ሀገር ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ የተመለሰች አንዲት እህት በወንድሟ እጅ አምስት ጊዜ ለፎርማኑ ገንዘብ አስከፍላ ነበር። ሁሉም ክፍያ በጥሬ ብር ነው፤ አንድም ፊርማ የለም። ሥራው በግድግዳ ላይ ቆመ። ፎርማኑ ሲጠየቅ «ሦስት ጊዜ ነው የተቀበልኩት» አለ። በዚህ ጊዜ ሸክሙ ይገለበጣል። ያው ቁጥር 2001 ግዴታው ቀርቷል ወይም ተለውጧል የሚል ሰው ለዚህ ምክንያት የሆነውን ነገር ያስረዳል ይላልና፣ መክፈሏን ማስረዳት ያለባት እርሷ ናት። ወንድሟና ፎርማኑ ሻይ ቤት ውስጥ ብር ሲቆጥሩ ያየ ሰው ካልተገኘ በስተቀር ያላት ነገር የወንድሟ ቃል ብቻ ነው። ወንድሟ እንዴት እንደሚታይ አንባቢ ይገምት፤ በዚህ ጉዳይ ቤተሰቡም ውስጥ ጥርጣሬ ገብቶ ነበር።

ያልጻፈ ሰው ታዲያ ምን ይዞ ይቆማል? ሕጉ በቁጥር 2002 የማስረጃ ዓይነቶችን ሲቆጥር ጽሑፍን፣ ምስክርን፣ የሕሊና ግምትን፣ የተከራካሪውን ማመንና መሐላን ያነሳል። ግንባታ ደግሞ በጨለማ የሚሠራ ነገር አይደለም። ዘበኛው አለ፣ አሸዋ ያራገፈው ሹፌር አለ፣ ብሎኬት የሸጠው ነጋዴ ደረሰኝ አለ። ለዋናው ቤት የሚበቃ ብሎኬት ተገዝቶ ካለቀ በኋላ ሌላ ሁለት መኪና በባለቤቱ ስም ከተገዛ፣ ተጨማሪ ሥራ መታዘዙን ደረሰኙ ይናገራል። ግንበኛው ለቀን ሠራተኞቹ የከፈለበት ደብተር በየዕለቱ የተሞላ ከሆነ ብዙ ነገር ያሳያል፤ ችሎት ለመቅረብ ሲባል በአንድ ቀለም በአንድ ቀን የተሞላ ደብተር ግን ማንንም አያታልልም።

የዚህ ዘመን ሰው ደግሞ ሳያውቀው ብዙ ይጽፋል። በባንክ የተላለፈ ገንዘብ፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ በቴሌብር የተላከ ብር፣ «ነገ ሶሌታ እንሞላለን፣ 50 ሺህ ላክልኝ» የሚል የስልክ መልእክት ሁሉ ጽሑፍ ነው። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205 የኤሌክትሮኒክ መልእክት በዚህ መልኩ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ዋጋ እንዳያጣ አድርጓል። ስለዚህ ገንዘብ ስትልኩ «ምክንያት» በሚለው ቦታ ላይ «ለሰርቪስ ቤት ልስን» ብላችሁ ጻፉ። ከቃል ስምምነት በኋላም «ዛሬ እንደተነጋገርነው የአጥሩ ሥራ ለብቻው 30 ሺህ ነው» የምትል አጭር መልእክት ለሌላው ወገን ላኩ። «እሺ» ብሎ ከመለሰ ትልቅ ነገር ይዛችኋል። ባይመልስም መላካችሁ አይጎዳም።

አንድ ወጥመድ አለ፤ ብዙ ሰው ስለማያውቀው እዚህ ላይ ቆም ልበል። ሲሚንቶ ሲያልቅ ባለቤቱ ገንዘብ ያጥረውና ግንበኛውን «ለጊዜው አንተ ግዛልኝ፣ ብድር ይሁንብኝ» ይለዋል። ግንበኛው ይገዛል። ነገሩ ችሎት ሲደርስ «አበድሬዋለሁ» ብሎ ከከሰሰ ሌላ ደንብ ይጠብቀዋል። ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በስተቀር በምስክር አይረጋገጥም (ቁጥር 2472)። ሕጉ በወጣበት ዘመን 500 ብር ብዙ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ አይገዛም። ስለዚህ ለሥራው የገባ ዕቃ ከሆነ ዕቃ መሆኑ ይነገር፣ ደረሰኙም ይያዝ፤ «ብድር» የሚለው ስም ሳይታሰብ አይለጠፍበት።

በግንበኛው ሥር ያሉት ሠራተኞችም አሉ። ግንበኛው «ባለቤቱ አልከፈለኝም» ብሎ የእነርሱን የቀን ዋጋ ሊያስቀር አይችልም፤ የቀጠራቸው እርሱ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የሥራ ውል በቃል የተደረገ እንደሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የውሉን ይዘት በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል፤ ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ሠራተኛን አሠርቶ ሥራውን ሙሉ በሙሉ ተቀብሎ ዋጋውን የነፈገውን ሰው በቂያማ ቀን አላህ (ሱ.ወ.) ራሱ ባላጋራው እንደሚሆን በቡኻሪ የተዘገበው ሐዲስ ቤት ለሚያሠራውም፣ ለግንበኛውም ነው። ከባለቤቱ ዘንድ የተበደለ ግንበኛ በሠራተኞቹ ዘንድ በዳይ ሆኖ መገኘቱ ያልተለመደ አይደለም።

ከሁሉም የሚያሳዝነው ጠቡ በአላህ ቤት ላይ ሲሆን ነው። በአንድ የክልል ከተማ የመስጊድ ኮሚቴ አንድን ግንበኛ ሚናራ እንዲሠራ በቃል ያዘዋል። ስብሰባ ላይ ተነግሯል፤ ቃለ ጉባኤ ግን አልተያዘም። ሥራው ሲያልቅ ኮሚቴው ተቀይሯል። አዲሱ ኮሚቴ «እኛ አላዘዝንህም» ይላል፤ የቀድሞዎቹ «ያዘዝነው ለመስጊዱ እንጂ ለራሳችን አይደለም» ይላሉ። ግንበኛው በማን ስም እንደሚጠይቅ እንኳ አላወቀም። በመጨረሻ የተሰጠው መልስ «ለአላህ ብለህ ተወው፣ አጅሩን ታገኛለህ» የሚል ነበር።

ይህን መልስ የሰጡት ሰዎች በጎ አስበው ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ቁርአን (2፡280) ዕዳውን ለመክፈል የተቸገረን ሰው መታገስን አዝዞ፣ መተው የተሻለ መሆኑን ሲናገር የሚያነጋግረው ገንዘቡ የሚገባውን ሰው ነው። ምሕረት ከባለሐቁ የሚመጣ ስጦታ ነው፤ ባለዕዳው የሚጠይቀው መብት አይደለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) መዲና ሲገቡ መስጊዳቸው የተሠራበት ቦታ የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ በነጻ ሊሰጧቸው ሲፈልጉ እርሳቸው ያለ ዋጋ አልቀበልም ብለው እንደገዙት በቡኻሪ ተዘግቧል። ለመስጊድ የሚሆንን ነገር እርሳቸው በዋጋ ገዙ። ሚናራው ላይ የቆመው ግንበኛ ደግሞ የቤት ኪራይ ነበረበት።

«በማስረጃ እጦት ተረታ፤ እንግዲህ ነገሩ አለቀ» የሚሉም አሉ። ለፍርድ ቤት አልቆ ይሆናል። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ግን ለመፍረድ ሲቀመጡ ከተከራካሪዎቹ አንደኛው በአነጋገር የበለጠ ሊሆን እንደሚችል፣ በሰሙት መሠረት የወንድሙን ሐቅ ቢፈርዱለት የተቀበለው ነገር የእሳት ቁራጭ መሆኑን እንዳስጠነቀቁ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) አስተላልፈዋል። የነቢይ ፍርድ እንኳ የሰውን ገንዘብ ለሌላው ሐላል ካላደረገ፣ በምስክር እጦት የተዘጋ የዛሬ መዝገብ እንዴት ያደርጋል? በችሎት ያሸነፈ አሠሪ ማታ ብቻውን ሲሆን ያን ሰርቪስ ቤት በስንት እንዳሠራ ያውቃል።

እንግዲህ ወደ መጻፉ ልመለስ። «ጻፍልኝ» ማለት «አላምንህም» ማለት ነው የሚለው ስሜት ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዲናችን እንዳልመጣ ግን ግልጽ ነው። በቁርአን ውስጥ ከአንቀጾች ሁሉ ረጅሙ (2፡282) የሚናገረው ስለ ዕዳ አጻጻፍ ነው። ጊዜ ተወስኖለት የሚቆይ ዕዳ እንዲጻፍ፣ ጸሐፊው በትክክል እንዲጽፍ፣ የሚያጽፈውም ዕዳው ያለበት ሰው እንዲሆን፣ ምስክሮች እንዲቆሙበት፣ ትንሽም ይሁን ትልቅ ለመጻፍ እንዳይሰለች ያዛል። እጅ በእጅ ለሚደረግ ግብይት ባይጻፍ ኃጢአት የለም ይላል። ሠርቶ ሲያስረክብ የሚከፈል የእጅ ዋጋ ታዲያ ከየትኛው ወገን ነው? ወር ቆይቶ የሚከፈል ነውና በአሠሪው ጫንቃ ላይ ያለ ዕዳ ነው። ብዙሃኑ ዑለማእ ይህን ትእዛዝ ግዴታ ሳይሆን የተወደደ ነው ብለዋል፤ ቀጥሎ ያለው አንቀጽ (2፡283) እርስ በርስ ከተማመናችሁ የታመነው ሰው አደራውን ያድርስ ስለሚል። ኢማም ጦበሪና ኢብን ሐዝም ግን ግዴታ ነው ብለዋል። ግዴታ አይደለም ያሉትም ቢሆኑ መጻፍን የሚያስጠላ ነገር ነው ያለ ከመካከላቸው የለም። የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ከአልዐዳእ ኢብን ኻሊድ ጋር ባደረጉት ሽያጭ ሰነድ አጽፈዋል። «አል አሚን» የተባሉት እርሳቸው ናቸው።

የሚጻፈው ነገር ብዙ አይደለም፤ አንድ ገጽ ይበቃዋል። ከባዱ ነገር ሥራውን በትክክል መግለጽ ነው። «ቤቱን ለመሥራት» ብሎ መጻፍ ካለመጻፍ ብዙም አይሻልም። ልስን ይጨምራል? የመጸዳጃ ጉድጓድ ቁፋሮስ? ውኃ ከሌለ ውኃ የሚያስመጣው ማን ነው? ክፍያው በምን በምን ደረጃ ነው፤ መሠረት ሲወጣ፣ ሶሌታ ሲሞላ፣ ልስን ሲያልቅ ስንት ስንት? ዕቃ ባለመቅረቡ ሥራው ሲቆም የቀኖቹ ኪሳራ የማን ነው? ግንበኛው ዕቃውንም ራሱ የሚያቀርብ ከሆነ ነገሩ «ኢስቲስናዕ» ወደሚባለው ውል ይጠጋል። የዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ በ1992 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው 7ኛ ጉባኤ ይህ ውል ሁለቱንም ወገን የሚያስር መሆኑን ወስኗል። የሚሠራው ነገር ዓይነቱ፣ መጠኑና ጥራቱ፣ ጊዜውም ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጓል። ክፍያው በየጊዜው ተከፋፍሎ እንዲሰጥ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልገጠመም ለዘገየ ሥራ ቅጣት እንዲቀመጥ ፈቅዷል።

ለተጨማሪ ሥራ ደግሞ ከሙሳ (ዐ.ሰ.) ታሪክ የምንማረው አለ። የመድየኑ ሽማግሌ ልጃቸውን ሊድሩለት ሲነጋገሩ (28፡27-28) የአገልግሎቱን ዘመን ስምንት ዓመት አደረጉት፤ አሥር ቢሞላ ግን ጭማሪው ከእርሱ ፈቃድ እንጂ ግዴታ እንዳልሆነ አስቀድመው ተናገሩ። ሙሳም ከሁለቱ የትኛውን ቢፈጽም በደል እንደማይኖርበት አረጋግጦ አላህን ምስክር አደረገ። በዚያ ንግግር ውስጥ «አንጣላም» የሚል ነገር የለም። ዋናው ስምንት፣ ጭማሪው ሁለት፣ ጭማሪውም በፈቃድ ተብሎ ተለይቷል። እኛም በውላችን ላይ «ከዚህ ውጪ የሚታዘዝ ሥራ ዋጋው ተጽፎ ሳይፈረም አይጀመርም» የምትል አንዲት መስመር ብትገባ፣ እኔ ከሰማኋቸው ጠቦች ብዙዎቹ ባልተነሱ ነበር። ይህች መስመር ለአሠሪውም ትጠቅማለች፤ ያላዘዘውን ሥራ ዋጋ የሚጠይቀው ግንበኛም አለና።

ጠብ ከተነሳ በኋላ ወዴት ይኬዳል ለሚለው፣ አንዳንድ ወንድሞች ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት እንሂድ ይላሉ። የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 188 መሠረት የሚያዩት ጋብቻን፣ ፍቺን፣ ቀለብን፣ ሞግዚትነትን፣ ወቅፍን፣ ሂባንና ውርስን የመሳሰሉ ጉዳዮችን፣ እርሱንም በሁለቱ ወገኖች ፈቃድ ነው። የእጅ ዋጋ ከዚህ ውስጥ የለም። ስለዚህ ያለው መንገድ መደበኛው ፍርድ ቤት ወይም ሽምግልና ነው። የውል ጥያቄ የይርጋ ዘመኑ በጠቅላላው 10 ዓመት ቢሆንም (ቁጥር 1845)፣ ለአንዳንድ ዕዳዎች ያጠረ ጊዜ ስላለ፣ የዘበኛና የሹፌር ትዝታም ያን ያህል ስለማይቆይ፣ መቆየት አይበጅም።

ሽማግሌ የመረጠ ሰው ሽማግሌዎቹ መካከል ሥራውን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ እንዲኖር ይጠይቅ። የተስማሙበትም ገንዘብ፣ የሚከፈልበት ቀን፣ ቀሪው መማሩ ተጽፎ ሁለቱ ወገኖችና ሁለት ምስክሮች ይፈርሙበት። ከላይ በጠቀስኩት በሐጂና በግንበኛው ጉዳይ አራተኛው ስብሰባ ላይ ዱዓእ ተደርጎ እጅ ከተጨባበጡ በኋላ ቡና መጣ፣ ቴምር መጣ፣ ሰውም ወደ ሌላ ወሬ ገባ። 60 ሺህ ብሩ መቼ እንደሚከፈል የጠየቀም፣ ወረቀት ያወጣም ሰው አልነበረም።